ተውላጠ ስም በአፍ፣ አፖስትሮፊ በእርሳስ፦ ለልጆች እንግሊዝኛ ስናስተምር የትኛው ዘዴ ለየትኛው?

ልጃችሁ አራተኛ ክፍል ደርሶ ስለ አያቱ ሲያወራ አሁንም «ዜይ ኬም» ይላል? ደብተሩ ላይ ደግሞ ቃል በ«ኤስ» ባለቀ ቁጥር ከፊቷ ጭረት ጣል ያደርጋል? ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ወርክሺት የሚስተካከሉ ይመስላሉ። ብዙ የሰዋስው መጻሕፍትም ጎን ለጎን ነው የሚያስቀምጧቸው። መነሻቸው ግን ለየቅል ነው። ተውላጠ ስም የሚበላሸው አፍ ላይ ነው። አፖስትሮፊ፣ ያቺ ጭረት፣ የምትበላሸው ወረቀት ላይ ነው። «ቦይስ»፣ «ቦይ'ስ» እና «ቦይስ'» ጆሮ ላይ ሲደርሱ አንድ ናቸውና። የአፉን በጽሑፍ፣ የወረቀቱን በመዝሙር ለማቃናት መሞከር ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘዴዎቹን ለየብቻ ነው የማወዳድረው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ አፖስትሮፊዋን ግን ቦታዋ ላይ ትቻታለሁ። ለልጁ ስታሳዩት በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉት።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

አማርኛ ተናጋሪ ልጅ በተውላጠ ስም ድሃ አይደለም። እንግሊዝኛ በአንድ «ዩ» የሚያልፈውን እሱ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ ብሎ ይለያል። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው ግሱ ውስጥ ይከተዋል። «መጣች» ካልን «እሷ» ማለት ግድ አይደለም። ልጁም «እየዘነበ ነው» ብሎ አስቦ «ኢዝ ራይኒንግ» ይላል። «ኢት» የለችም። ተቃራኒውም አለ፤ «ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ ኤ ድራይቨር» እያለ አባቱን ሁለት ጊዜ ይጠራዋል።

«ኢት» ራሷ እንግዳ ናት። በአማርኛ ጠረጴዛው ወደቀ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ደግሞ ብርጭቆዋ ትንሽ ከሆነች «ይቺ ብርጭቆ» ብለን እናቆላምጣታለን። ሁሉም ነገር ወይ እሱ ነው ወይ እሷ ናት። እንግሊዝኛው ላይ ጠረጴዛው «ሂ» ቢሆን አይገርምም።

ከዚያ አክብሮት አለ። «አያቴ መጡ» እና «ጓደኞቼ መጡ» ግሳቸው አንድ ነው። ልጁ «ማይ ግራንድማዘር፣ ዜይ ኬም» ሲል ያደገበትን ሥርዓት ነው ይዞ የሄደው። ስታርሙት ይህን ንገሩት። እንግሊዝኛ ለአያትም ለታናሽ እህትም «ሺ» ነው የሚለው፣ ድፍረት አይደለም በሉት። ይህን ያልተነገረው ልጅ «ሺ» ማለቱን እያወቀ እንኳ ይሳቀቃል።

ለሌላ አገር ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ የማይነግራችሁ ደግሞ ይሄን ነው። «ኳሱ የት አለ?» ስንል የእሱ ኳስ ማለታችን ነው ወይስ የምናውቀው ኳስ? አማርኛ ለሁለቱም አንድ መልክ ይበቃዋል። ስለዚህ «ዘ ቦል» ማለት ሲገባው «ሂዝ ቦል» የሚል ልጅ ታገኛላችሁ። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ትክክል ስለሚመስል አስተማሪውም ሳያየው ያልፋል። ልጁ ኳሱ የማን እንደሆነ ካልነገራችሁ ጠይቁት።

«የእኔ»ም እንዲሁ ታሳስታለች። «የእኔ ቦርሳ» እና «ቦርሳው የእኔ ነው» ውስጥ ያለችው አንድ ቃል ናት። እንግሊዝኛው አንዱን «ማይ»፣ ሌላውን «ማይን» ይለዋል። «ዚስ ኢዝ ማይ» ብሎ የሚያቆም ልጅ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ለተውላጠ ስም፦ ሰንጠረዥ፣ ጨዋታ፣ ትርጉም ወይስ ንባብ?

ሰንጠረዡን ሁላችንም እናውቀዋለን። «አይ፣ ሚ፣ ማይ፣ ማይን» እየተባለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይዘምረዋል። ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስልሳ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ለሚያስተምር ሰው ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ልጅ «የማን እስክሪብቶ ነው?» ሲባል ዝም ሊል ይችላል። ለመድረስ መቁጠር ይጀምራላ! ከ«አይ» ተነስቶ «ሺ» ጋ እስኪደርስ ጨዋታው አልፎታል። ሰንጠረዥ የሚጠቅመው አፉ የፈታን ልጅ ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሲጽፍ ቀና ብሎ ያያታል። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ግን ተዉት።

ለትንንሾቹ የእኔ ምርጫ የእቃ ጨዋታ ነው። አስተማሪዋ ፌስታል ይዛ በየረድፉ ትዞራለች። ከአንዱ ላጲስ፣ ከሌላው መቅረጫ፣ ከሌላው ማስመሪያ ትሰበስባለች። ከዚያ አንዱን ከፍ አድርጋ «ሁዝ ኢዝ ዚስ?» ትላለች። ባለቤቱ «ኢት'ስ ማይን» ይላል። አጠገቡ ያለው ወደ እሱ እየጠቆመ «ኢት'ስ ሂዝ»። አስተማሪዋ ወደ ራሱ ዞራ «ኢት'ስ ዩርስ»። ኋላ ያለችው ደግሞ ስሙን ጠርታ «ኢት'ስ ዳዊት'ስ»። በአንድ መቅረጫ ዙሪያ «ኢት» አራት ጊዜ ተባለች፣ ማንም ስለ «ኢት» ምንም ሳያብራራ። ሁለት እስክሪብቶ አንድ ላይ ከወጣ «ዜይ ኣር ሂዝ» ይሆናል፤ «ዜይ» ለእቃም እንደምትሆን ልጁ እዚያው ያያል።

ጉድለቱ ጩኸቱ ነው። የጎረቤት ክፍል መምህር በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ሌላው ጉድለት ከረድፉ ጫፍ ያሉት ዝምተኞች ተራ ሳይደርሳቸው መደወሉ ነው፤ ስለዚህ ፌስታሉን ከኋላ ወንበር ጀምሩ። እና በዚያ ቀን «ኢት'ስ» የምትለዋን ሰሌዳ ላይ አትጻፏት። ለጊዜው ድምፅ ብቻ ትሁን።

ቤት ውስጥ ፌስታል አያስፈልግም። ስልክ ላይ ያለው የቤተሰብ ፎቶ ይበቃል። «ዚስ ኢዝ ማይ ግራንድማዘር። ሺ ሊቭስ ኢን ደሴ።» የአክብሮቷን «ዜይ» ለማስለቀቅ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም፤ ፎቶው ላይ አያት አንድ ናቸው፣ ልጁም ያያቸዋል።

በአማርኛ መተርጎምስ? እንደ ጉዳዩ ነው። ለ«ሂዝ» እና ለ«ኸር» ፈጣኑ መንገድ ነው፤ «ኳሱ» እና «ኳሷ» ልክ እንደ እንግሊዝኛው የሚከተሉት ባለቤቱን ነው። ልጁ ይህን በአፍ መፍቻው ስለሚያውቀው በአንድ ቀን ይገባዋል። ለ«ማይ» እና «ማይን» ግን ትርጉም ጭራሽ ያደናግራል፣ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ለ«ኢት»ም አይረዳም።

ንባብ ለከፍተኞቹ ነው፣ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ። «ሳራ» የሚለው ስም በየመስመሩ የሚደጋገምበት አጭር ታሪክ ስጡና የበዛውን በ«ሺ» እና በ«ኸር» ይተኩት። ቀጥሎ ሁለት ሴት ልጆች ያሉበትን ስጡ። ሁሉንም «ሺ» ሲያደርጉት ማን ማንን እንደመታች አይታወቅም። ያኔ ተውላጠ ስም መቼ እንደማይሆንም ይማራሉ። በእንግሊዝ አገር ሥርዓተ ትምህርት ዓመት 3 እና 4 ላይ (ክፍልን «ዓመት» ነው የሚሉት) የሚፈለገው ይሄው ነው፤ ለግልጽነት ሲባል ስሙን ወይም ተውላጠ ስሙን መምረጥ።

የዩቲዩብ መዝሙሮችን በተመለከተ፣ ለአነጋገር ጥሩ ናቸው። ከዚያ በላይ አትጠብቁባቸው።

«ሚ ኤንድ ሳራ» ወይስ «ሳራ ኤንድ አይ» የሚለውን ወላጆች ይጠይቃሉ። እኛ «እኔና ሳራ» ብለን ራሳችንን እናስቀድማለን፣ እንግሊዝኛ ራሱን ወደ ኋላ ያደርጋል። ማረጋገጫው ሳራን ማውጣት ነው። «ሚ ዌንት» ስለማይባል «ሳራ ኤንድ አይ ዌንት» ነው። «ሂ ሶው ሚ» ስለሚባል «ሂ ሶው ሳራ ኤንድ ሚ» ነው። ሰንጠረዥ አያስፈልገውም።

ለአፖስትሮፊ፦ አራት መንገዶች

በየክፍሉ የሚሰጠው ሕግ «ነጠላ ከሆነ ከኤስ በፊት፣ ብዙ ከሆነ ከኤስ በኋላ» የሚለው ነው። አጭር ነው፣ ለፈተና ይያዛል። ግን «ችልድረን» ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ልጆች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ተማሪው ሕጉን አክብሮ «ችልድረንስ'» ይጽፋል። «ሜን»፣ «ዊሜን»፣ «ፒፕል» ላይም እንደዚያው። ሕጉን በደንብ የያዘው ጎበዙ ተማሪ ነው የሚሳሳተው፤ ይሄ ያናድዳል።

ሁለተኛው «የ» ላይ መንጠልጠል ነው። «የሳራ ቦርሳ» ስንል ባለቤቷ ትቀድማለች፣ ንብረቱ ይከተላል። «ሳራ'ስ ባግ»ም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ልዩነቱ የእኛ ምልክት ከስሙ ፊት ሲገባ የእነሱ ከኋላ መለጠፉ ብቻ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይሄ ትልቅ ስጦታ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ተጠቀሙበት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጣጣው ይመጣል። «የ» ብዙ ሥራ አላት። የእንጨት ወንበር፣ የሻይ ብርጭቆ፣ የመጣው ልጅ... ልጁ ሁሉም ላይ ጭረት ሲጥል «ዉድ'ስ ቼር» እና «ቲ'ስ ግላስ» ይወለዳሉ። ያኔ «እንጨቱ ወንበር ገዛ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይስቃል፣ ያጠፋዋል። «የዛሬ ትምህርት» ግን «ቱደይ'ስ ሌሰን» ነው፤ ጊዜ የገዛው ነገር ባይኖርም እንግሊዝኛ ለጊዜ ቃላት ይፈቅዳል። ይህን ሳትጠየቁ አታንሱት።

ሦስተኛው በ«ኦፍ» መገልበጥ ነው፤ «ሳራ'ስ ቡክ» ማለት «ዘ ቡክ ኦፍ ሳራ» ነው እያሉ ማዟዟር። ለአማርኛ ተናጋሪው ተጨማሪ ዙር ነው፣ ያለ ምክንያት ያለፋዋል። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ልጅ ግን «ኪታባ ሳራ» ነው የሚለው፤ መጽሐፉ ይቀድማል፣ ባለቤቷ ትከተላለች። «የ»ን ይዛችሁ ብትመጡበት ድልድይ አይሆነውም፣ «ኦፍ» ግን ከሚያውቀው ጋር ይገጥምለታል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ሁለቱንም ዓይነት ልጅ ስለሚይዝ ሁለቱንም መንገድ በአጭሩ ማሳየት ያዋጣል።

አራተኛው ከሁሉም የምመርጠው ነው። ሕግ ሳይሆን አሠራር ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን ሙሉ በሙሉ ጻፍ። አክብበው። ከክቡ ቀጥሎ አፖስትሮፊ አድርግ። ከዚያ አፍህ ተጨማሪ «ስ» ካለ «ኤስ» ጨምር፣ ካላለ ተወው። በቃ።

እስቲ እንሞክረው። አንድ ልጅ ከሆነ «ቦይ»ን አክብብ፣ አፖስትሮፊ፣ «ኤስ» ይሰማል፣ «ቦይ'ስ»። ሦስት ልጆች ከሆኑ «ቦይስ»ን አክብብ፣ አፖስትሮፊ፣ ተጨማሪ ድምፅ የለም፣ «ቦይስ'»። «ችልድረን»ን አክብብ፣ አፖስትሮፊ፣ «ኤስ» ይሰማል፣ «ችልድረን'ስ»። ነጠላና ብዙ ብሎ መቁጠር ሳያስፈልግ ሁሉም በአንድ በር ገባ።

የእኛ ስሞችም በዚሁ ይገባሉ። ዮሐንስ፣ ቴዎድሮስ፣ ኤልያስ፣ ማርቆስ፤ በ«ስ» የሚያልቅ ስም ከየትኛውም ክፍል አይጠፋም። የዮሐንስ ደብተር «ዮሐንስ' ቡክ» ነው ወይስ «ዮሐንስ'ስ ቡክ»? በእንግሊዝኛ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ሁለቱንም ስህተት አትበሉ። ክፍል ውስጥ ግን አንዱን ምረጡ። እኔ «ኤስ» የሚጨመርበትን እመርጣለሁ፤ ሲነበብ ስለሚሰማ ከአሠራሩ ጋር ይሄዳል። የማይሆነው «ዮሐን'ስ» ነው፤ የሰውየውን ስም መሀል ላይ ቆረጠው። ክቡ የሚያስጥለው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

አንድ ነገር ጠብቁ። አፖስትሮፊ ባስተማራችሁ ማግስት ክፍሉ በሙሉ ይታመስበታል። «ቶማቶ'ስ»፣ «ሺ ራን'ስ»፣ በየቦታው። እንግሊዝ አገርም የአትክልት ሻጭ ሰሌዳ በዚህ ይቀለድበታል፣ የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም። ፍቱኑ ሁለት ጥያቄ ነው፦ የማን? ምኑ? ለሁለቱም መልስ ከሌለ ጭረቷ ትጠፋለች። የቲማቲሞቹ ምናቸው? ምንም። ላጲስ።

ሥዕልም ይረዳል። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና በአንዱ በኩል አንድ ልጅና ኳስ፣ በሌላው በኩል ሦስት ልጆችና አንድ ኳስ ሳሉ። «ዘ ቦይስ ቦል» ብላችሁ በድምፅ አንብቡና ከየሥዕሉ ሥር ይጻፉት። ጆሯቸው ልዩነቱን አይነግራቸውም፣ ሥዕሉን ማየት ግድ ይሆንባቸዋል።

ቤት ውስጥ ያለ ዕቃም አይናቅ። የጆንሰን'ስ ቤቢ ፓውደር ቆርቆሮ፣ የሊቫይ'ስ ጂንስ ምልክት፣ የማክዶናልድ'ስ ከረጢት፤ ሦስቱም ላይ አፖስትሮፊ አለ፣ ሦስቱም የሰው ስም ናቸው። ስታርባክስ ላይ ግን የለም። ልጁ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ድርጅት ስሙን እንደፈለገ ይጽፋል በሉት። ዋተርስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ መጻሕፍት መደብር እ.ኤ.አ. በ2012 አፖስትሮፊውን ከስሙ አውጥቶ ጣለ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ በመንግሥት የቦታ ስሞች ላይ አፖስትሮፊን አታበረታታም፤ «ማርታ'ስ ቪንያርድ» የተባለችው ደሴት ከጥቂቶቹ የተፈቀደላቸው አንዷ ናት። ደብተር ላይ ግን ይደረጋል።

«ኢትስ» እና «ኢት'ስ»

አዋቂውም የሚሳሳትባት ይቺ ናት። ስልክም አንዳንዴ ሳትጠይቁት ጭረት ይጨምርባታል። ልጁ የሚያስበው ትክክል ነው፦ የሳራ በአፖስትሮፊ ከተጻፈ የውሻው ጅራት ስንል «የእሱ» የምትለዋም በአፖስትሮፊ መጻፍ ነበረባት። ሎጂኩ ልክ ነው፣ እንግሊዝኛው ነው ያልተከተለው።

ብዙ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ ልዩነቱን ያስረዳል። ይሄ አይመቸኝም። አንድ ላይ የተማሩ መንትዮች ሁልጊዜ ይምታታሉ። የተሻለው «ኢትስ»ን ከወገኖቿ ጋር ማስተማር ነው፦ ሂዝ፣ ኸርስ፣ ኢትስ፣ አወርስ፣ ዩርስ፣ ዜርስ። «ሂዝ»ን በጭረት የሚጽፍ የለም፤ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ጭረት አይነካቸውም። «ኢት'ስ»ን ደግሞ ሌላ ሳምንት፣ ከ«አይ'ም» እና ከ«ዶን'ት» ጋር። እዚያ ጭረቷ የወደቀ ፊደል ቦታ ላይ ነው የቆመችው። ማረጋገጫው መዘርጋት ነው፤ «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ብሎ ሲነበብ ትርጉም ከሰጠ ጭረት አለው። «ዘ ዶግ ዋግድ ኢት ኢዝ ቴይል» ትርጉም አይሰጥም። «ዩር» እና «ዩ'ር»፣ «ሁዝ» እና «ሁ'ስ» በዚሁ መዘርጋት ይለያሉ።

ከየትኛው ይጀመር?

በእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት የነጠላው አፖስትሮፊ ዓመት 2 ላይ፣ በስድስትና ሰባት ዓመት ዕድሜ ይሰጣል፤ የብዙው ዓመት 3 እና 4 ላይ ነው። «ተውላጠ ስም» የሚለውን ስያሜ ራሱ ማወቅ የሚጠበቅባቸው ዓመት 4 ላይ ነው። ኮመን ኮር የተባለው የአሜሪካ የትምህርት መስፈርት ተውላጠ ስሞችን አንደኛ ክፍል፣ አፖስትሮፊን ሁለተኛ ክፍል ያስገባል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች ቋንቋውን ከእናታቸው ጋር የተማሩ ናቸው። በአማርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻው እየተማረ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት የሚወስድ የአገራችን ልጅ «ቦይስ'»ን ሦስተኛ ክፍል ላይ ባያውቅ ኋላ አልቀረም።

አገር ቤት ላለ ልጅ በአፍ ተውላጠ ስም፣ ከዚያ «ሳራ'ስ ባግ» በአፍም በጽሑፍም፣ ከዚያ አጫጭሮቹ «አይ'ም» እና «ዶን'ት»፣ መጨረሻ ብዙውና «ኢትስ»። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን ላለ ልጅ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። «ሂ» እና «ሺ»ን ከእኛ በላይ ይናገራል፣ በዚያ ጊዜ አታባክኑ። «ዶን'ት» እና «ካን'ት» ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ ስለሆኑ አፖስትሮፊን ከእነሱ ጀምሩለት። ለንደን ያለው ዓመት 6 ላይ የሰዋስውና የሥርዓተ ነጥብ ፈተና ይጠብቀዋል። «እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም፣ አነጋገሬን ይወርስብኛል» ብላችሁ የምትሸሹ ወላጆች እዚህ ላይ አትፍሩ። ለአፖስትሮፊ አክሰንት አያስፈልግም፣ እርሳስና ክብ ነው።

ስለ እርማት። ደብተሩን በቀይ መሙላት ልጁን ያስደነግጠዋል እንጂ የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያርም አይነግረውም። የሚሻለው ስህተት ባለበት መስመር ዳር ነጥብ ማድረግና ራሱ እንዲፈልገው መተው ነው። በአንድ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ያዙ። በዚህ ሳምንት «ኢትስ»ን ከያዛችሁ፣ አያት «ዜይ» ሆነው ብታገኟቸውም እለፉት፤ እሱን ስለ አያቱ ሲያወራ ታርሙታላችሁ።